የእታለም ሻይ ቤት ጉባኤ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። መላው ቢቸና ስለሚያውቀው ብደብቀውም ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። "መሪጌታ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትቆጣለህ?" ይሉኛል፤ እኔም መልስ ሲጠፋኝ እቆጣለሁ። ባለፈው ሰኔ የተቆጣሁት ቁጣ ግን ልጄን ከትምህርት ገበታ ሊያስቀራት ነበር። የተረፈችው በታላቅ እህቴ በባንቺዓለም ነው። ባንቺዓለም ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። እኔ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ኃይሌ ትለኛለች። ይህን ሁሉ የማወራው እሷን ለማመስገን ነው። ፊት ለፊት ላመሰግናት ስሞክርማ "ወዲያ! ሥራ አታስፈታኝ" እያለች አላስቀርብ ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ጸደንያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍልን አንድ ጊዜ ደግማዋለች። ሰኔ ሠላሳ ካርድ ልቀበል ሄድኩ። መምህሯ ካርዱን ሲሰጡኝ ፊቴን ማየት አልፈለጉም፤ ያኔ ገባኝ። ሒሳብ ሠላሳ አንድ።

"መሪጌታ፣ ጳጉሜን ላይ ድጋሚ ፈተና አለ፤ እሱን ካለፈች ስድስተኛ ትገባለች። ክረምቱን አጥብቀው ይያዙልኝ" አሉ። ካላለፈችስ ብዬ አልጠየቅኩም። ሦስተኛ ዓመት አምስተኛ ክፍል መሆኑን እኔም አላጣሁትም።

ቤት ስደርስ ጸደንያ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። በአንድ እግሯ እየዘለለች "አባዬ፣ ስንተኛ ወጣሁ?" አትለኝም! ደሜ ፈላ። ባለቤቴ አመተ ሥላሴ ከጓዳ ብቅ ከማለቷ አፌ አመለጠኝ።

"ማርያምን! ጳጉሜን ላይ ካላለፍሽ ሁለተኛ የትምህርት ቤት ደጅ አትረግጪም! ሞጣ አክስትሽ ዘንድ ወስጄ እጥልሻለሁ፤ እዚያ ሻይ ስታመላልሺ ትኖሪያለሽ!"

ብትደነግጥ ምን ነበረበት። ዓይኗ ቦግ አለ።

"እውነትህን ነው አባዬ?"

ወይ ጉድ! ለካ የመረጥኩላት ቅጣት የምትመኘው ኖሯል። ጸደንያ አክስቷን ትሞትላታለች። እታለምም ብትሆን ባሏ ከሞተ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ "ይህችን ልጅ ስጠኝና አሳድጋት፤ ቤቱ ጭር አለብኝ" ስትለኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ "ሻይ ቤት ልጅ አያድግበትም" ብዬ እምቢ እንዳልኩ ነው። አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"አሁን እንግዲህ ምን ልትሆን ነው?" አለችኝ በኋላ። "ልጅቱ መውደቋን ትፈልገዋለች። አንተ ደግሞ በማርያም ምለሃል።"

እውነቷን ነው። ሌላው ሰው ምሎ ቢያፈርስ ንስሐ ይገባል፤ እኔ ግን በቅኔ ማኅሌት ቆሜ ሰውን የማስተምር ነኝ። ምዬ ባጥፍ ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅቱ ወደደችም ጠላችም ማለፍ አለባት።

እኔ የአስኳላ ትምህርት አልተማርኩም። የማውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ነው። እኛ ዳዊትን በዶሮ ጩኸት ተነስተን፣ እየተቀባበልን፣ በቃላችን እስኪወርድ ነው የተማርነው። የሒሳብ መጽሐፉንም በዚያው መንገድ ያዝኩት። ጎህ ሳይቀድ እቀሰቅሳታለሁ፤ እኔ አንዱን አነባለሁ፣ እሷ ትከተለኛለች። መጀመሪያ ላይ ያላመጣችው ሰበብ የለም። ሆዷን ይቆርጣታል። መጽሐፉ ይጠፋል፤ ሦስት ቀን ፈልገን ከጤፍ ጆንያ ውስጥ አወጣነው። ዝናብ ሲመጣማ በዓል ነው፤ "አባዬ፣ ቆርቆሮው አያሰማኝም" ትላለች። እኔ እጮሃለሁ፣ ዝናቡ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይነቃል።

ግን ጭንቅላቷ ጉድ ነው! ሐምሌ ሃያ ሳይሞላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው። ምሳሌውን ብትጠራላት መፍትሔውን ሳትተነፍስ ታወርድልሃለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሰንበቴው ላይ ሳይጠይቁኝ አወራሁ፤ "አስኳላ የሚሉት ይኸው ነው? በሦስት ሳምንት ጨረስነው እኮ!" አልኩ። ሰዎቹ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

በዚህ ብቆም ጥሩ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን ንቅንቅ ስለማልል፣ ከዚያ በፊት እታለምን ልይ ብዬ ሐምሌ ሃያ ስምንት ጸደንያን ይዤ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እህቴን ልይ ብቻ አልነበረም የሄድኩት፤ ልጄን ላሳይ ነው።

ሻይ ቤቱ በዝናቡ ምክንያት በመንገደኛ ሞልቷል። ጸደንያን አቆምኳትና "በይ፣ ምሳሌ ሦስት" አልኳት።

"ምሳሌ ሦስት። አንድ ገበሬ ሃያ አራት ብርቱካን ለስድስት ልጆቹ እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል? መፍትሔ። ሃያ አራት ሲካፈል ለስድስት፣ አራት።"

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ጋቢዬን አስተካከልኩ። እታለም ግን የፓስቲውን ትሪ አንስታ መጣች።

"ጸዲዬ፣ እዚህ ሠላሳ ፓስቲ አለ። እነዚህ ስድስት ሰዎች እኩል ይካፈሉት ብንል ስንት ስንት ይደርሳቸዋል?"

"አራት።"

"እንዴት?"

"ለስድስት ሲሆን አራት ነዋ።"

"እሺ፣ ስድስቱ ሰዎች አራት አራት ቢበሉ ስንት ፓስቲ ያልቅብኛል?"

ጸደንያ ወደ እኔ ዞረች፤ "አባዬ፣ ይሄ ምዕራፍ ስንት ላይ ነው?"

አንድ የመኪና ረዳት ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ እፍረት ተከናነብኩ። ያፈርኩት በራሴ ነው፤ የተቆጣሁት ግን በእህቴ ላይ ነበር።

"አንቺ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥሪ ፈታኝ ሆነሽ ቁጭ አልሽ?" አልኳት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሳቁ ቀጥ አለ። እታለም ትሪውን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አዎ፣ አልቆጠርኩም" አለችኝ። "አንተ ቅኔ ቤት ስትገባ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያን የአራት ሰዓት መንገድ በየቅዳሜው በሶና ዳቦ ቆሎ ተሸክሜ የተመላለስኩት እኔ ነኝ፣ ኃይሌ። ሴት ወደ ጉባኤው ስለማትገባ ከአጥሩ ኋላ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም። አንድ ቀን የሌላ ተማሪ ቅኔ ይዘህ ቀርበህ የኔታ ምን እንዳሉህ ሰምቻለሁ። 'ይህን ሰምቼዋለሁ፤ የራስህን አምጣ' ብለው ሦስት ቀን አላነጋገሩህም።"

ያን ነገር ከእኔና ከየኔታ በቀር የሚያስታውስ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። 

"ልጅቱን ዳዊት አስደገምካት" አለች። "ዳዊት እንዳለ ይያዛል። ሒሳብ ግን እንደ ቅኔው ነው፤ የራሷን ታምጣ።"

ይህን ሰምቼ እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ፣ "እንግዲያ ይኸው ውሰጃት! አንቺው አስተምሪያት!" ብዬ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ዝናቡ እየደበደበኝ ሚኒባስ ፈልጌ ቢቸና ገባሁ። ጸደንያ ከኋላዬ አልጠራችኝም፤ ለምን ትጠራኛለች? የፈለገችው ሆነላት።

ፍልሰታን እንዴት እንደጾምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከቤተ ክርስቲያን ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን። አመተ ሥላሴ በየቀኑ ለእታለም ትደውላለች፤ "ልጅቱስ?" ስላት "ደህና ናት" ብቻ ብላ ትሄዳለች። ስለ እመቤታችን እየዘመርኩ በእመቤታችን ስም የማልኩት መሐላ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ጳጉሜን ልትገባ ነው፤ ልጄ ትወድቃለች፤ በገዛ አፌ ከትምህርት አወጣኋት። በአንዱ ሌሊት የሰዓታት ጸሎት ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ተመስጦ መስሏቸው አከበሩኝ።

ጾሙ ተፈታ። ነሐሴ አሥራ ስምንት ሞጣ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ያለ ጭር ያለ ሰዓት ነው። ጸደንያ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ የአክስቷን ነጠላ ከራሷ ላይ ጥላ ተሸፋፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልክ የቅኔ ተማሪ ጫካ ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር እንደሚሆነው!

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት።

"ቆይ አባዬ፣ አታጥፋብኝ!" አለችኝ ከነጠላው ውስጥ።

እታለም በጣቷ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበችኝና ነገረችኝ። መጀመሪያ መጽሐፉን በሙሉ በቃሏ አስወርዳ ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲያ ደንቡ አንድ ነው። ጸደንያ በየቀኑ አንድ የራሷን ጥያቄ ታመጣለች። መጽሐፉ ላይ ያለ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የተጠየቀ ከሆነ፣ "ሰምቼዋለሁ" ተብላ ትመለሳለች። መልሱን ራሷ ማወቅ አለባት። እሱን ሳታመጣ ወደ እንግዶቹ መውጣት የለም። ልጅቱ ሻይ ቤቱን የምትወደው ደግሞ ለእንግዶቹ ነው፤ ከዚህ ሄደው ከዚያ መጥተው የሚያወሩትን ለመስማት ነው። እታለም ያቺን ልቧን አውቃ ነው በዚያ የያዘቻት።

"መጀመሪያ ቀን የመጽሐፉን ብርቱካን ሎሚ አድርጋ አመጣችልኝ" አለች እየሳቀች። "ሰምቼዋለሁ አልኳት። ደብተሯን ዕቃ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ወረወረችው። 'ለምን እማራለሁ? ወድቄ እዚህ ልኖር አይደል?' አለችኝ። ደብተሩን አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አደረቅኩት። ሁለተኛውም ቀን እዚሁ ጓዳ ዋለች። በሦስተኛው ቀን የራሷን አመጣችልኝ።"

"ምን ብላ?"

"ጸዲዬ፣ ነይ የመኪናዋን ጥያቄ ለአባትሽ ንገሪው።"

ጸደንያ ነጠላውን ገፈፈችና ቆመች። "ከሞጣ የተነሳ አውቶቡስ አርባ አምስት ተሳፋሪ ይዟል። ቢቸና ላይ ከሦስት እጅ አንዱ ወረደ። ደጀን ላይ ከቀሩት ግማሹ ወረደ። የዓባይን ድልድይ ስንት ተሳፋሪ ተሻገረ?"

መጀመሪያ ስታመጣው "ስንት ሰው" ብላ ኖሯል። አንድ ሾፌር "እኔንና ረዳቴን የት ጣልሽን?" ብሎ ቢከራከራት በማግስቱ አርማ "ተሳፋሪ" ብላ አቀረበችው። እታለም መልሱን የምታረጋግጠው ሽምብራ በሳህን አቅርባ እየቆጠረች ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሽምብራው ይፈሳል፣ መንገደኛው ሻዩን ትቶ ይቆጥራል፣ ይከራከራል፣ መኪናው ጥሩንባ ነፍቶ እስኪጠራው ድረስ። እኔ የቅኔ ጉባኤ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሞቀ ግን ያየሁት ጥቂት ነው።

ለእኔም አንድ ሰጠችኝ፤ የጧፍ ጥያቄ ነው፤ ስንት ካህን፣ ስንት ጧፍ፣ ምን ያህሉ እንደተቃጠለ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ጣቴ አለቀ። በመቋሚያዬ መሬት ላይ ጫርኩ። አልሆነም።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ጉባኤ ቃና ነው!" አለችኝ። ጉባኤ ቃና ማለት ጀማሪ ተማሪ የሚጀምርባት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ናት። ይህንንም ያስተማረቻት እታለም ናት። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያም እህቴን ጓዳ ገብቼ "ይቅር በይኝ" አልኳት። "ለየትኛው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብዙ ነው።

ጸደንያን እዚያው ትቻት ተመለስኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልወስዳት ስመጣ ግን ያልጠበቅኩትን ሰማሁ። መናኸሪያው ላይ ዕቃዋን ስጭን ልጅቱ አክስቷን አንገቷን አቅፋ በጆሮዋ ታወራለች፤ ሹክሹክታዋ ደግሞ እንደ አባቷ ነው፣ ይሰማል።

"አይዞሽ አክስትዬ። አውቄ እወድቅና እመጣልሻለሁ።"

እጄ ላይ ያለው ሻንጣ ከበደኝ። ዕውቀቱን አግኝታለች፤ ልትጥለው ነው! እኔ ደግሞ መሐላዬ አለ። ልጅቱ ከወደቀች የእታለም ናት። እታለም ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ስድስት ዓመት የለመነችው ልጅ፣ ያ ጭር ያለ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ዝምታ ይመለስላት ነበር። ቀና ብዬ አየኋት።

የልጅቱን እጅ ከአንገቷ ላይ አወረደች።

"አውቀሽ ከወደቅሽ በሬን አልከፍትልሽም" አለቻት። "ደጄ ላይ ብታድሪም አልከፍትልሽም።"

"አትወጂኝም ማለት ነዋ!" ብላ ጸደንያ አክስቷን ሳትስማት ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም። እታለም በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ጭቃው ላይ ቆማ ቀረች። እኔም እንደ ሞኝ አንዴ እሷን አንዴ ልጄን እያየሁ መኪናው ተነሳ።

ጳጉሜን ሁለት ተፈተነች። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ስትወጣ "እንዴት ነበር?" አልኳት፤ "እንጃ" አለችኝ። እንጃ! በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምላት አውቅ ነበር። አሁን ግን ደብተሯን ተቀበልኳት። መሥራቷንም መተዋንም ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጳጉሜን አራት መምህሯ ካርዱን ሲሰጡኝ ፊቴን አዩኝ። ሰባ ስምንት! መምህሩን ትከሻቸውን ገጭቼ ገጭቼ ልጥላቸው ነበር። "ምን ዓይነት አስጠኚ ቀጠሩላት?" አሉኝ። "ሞጣ ያለች አንዲት ሊቅ አለች" አልኳቸው። ቀልድ አልነበረም።

ቤት ስገባ ግን ጸደንያ ካርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ አኮረፈች። "አለፍኩላት" አለች፤ "አሁን አክስቴ ደስ ይላታል። እኔ ግን ሳልስማት መጣሁ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። አመተ ሥላሴ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ፀጉሯን እየዳበሰች ወደ እኔ ቀና አለች።

"እኔ የምለው፣ ሞጣ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?" አለችኝ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እናት ናትና።

 ሞጣን ስንት ዓመት ሻይ ማመላለሻ ብቻ አድርጌ ነው የማየው! ስድስት ዓመት ሙሉ "ሻይ ቤት ልጅ አያድግበትም" ያልኩት ሰውዬ፣ ልጄ በአንድ ክረምት ያደገችው እዚያ አይደል? ስልኬን አነሳሁና ደወልኩ።

"እታለም፣ አለፈች! ሰባ ስምንት!"

እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው። ከኋላዋ የመንገደኛው ጫጫታ፣ የብርጭቆው ኳኳታ ይሰማል። "እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! እመቤቴ ተመስገኚ!" ትላለች። ትንሽ ጋብ ስትል ነገርኳት።

"እንቁጣጣሽ እንዳለፈ መሸኛዋን አውጥቼ ይዣት እመጣለሁ። አንቺ ዘንድ ትቀመጣለች።"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኃይሌ፣ አታባብለኝ። ወድቃለች አይደል?" አለችኝ።

"አልፋለች እኮ ነው የምልሽ!" ብዬ ጮህኩ፤ እንባዬ ግን ጢሜን አርሶታል። "እዚያው ሞጣ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች! ስላለፈች ነው የምሰጥሽ! የምሰጥሽ አንቺ ስለሆንሽ ነው!"

 የሆነ ሰው ሻይ ጠየቃት መሰለኝ፤ "ትንሽ ታገሰኝ ወንድሜ፣ ልጄ ልትመጣ ነው" ስትለው በስልኩ ሰማሁ።